ዝም ያሰኘው ሞዞ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጆሮው» ነው የሚለው። ብስክሌት ሠሪ ነው። ሌላው ሠሪ ዓይኑን ሲያፈጥ እሱ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ ይደግንና ጫፉን የጎማው መሃል ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ጎማውን አሽከርክሮ ዓይኑን ይጨፍናል። «በግራ በኩል ካሉት የኩሽኔታ ኳሶች ሁለቱ ተበልተዋል» ካለ፣ አለቀ። ሲከፈት የተበሉት ሁለት ናቸው፤ ሦስት ሆነው አያውቁም። ሐኪም ቤት ቢቀጠር ኖሮ ስንቱን ባዳነ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ይስቃል፣ ግን ለሳቅ ያህል ነው።

የሚሠራበት ቤት ጠባብና ረጅም ነው። ጣሪያው ላይ ጎማዎች በመንጠቆ ተሰቅለዋል፤ ቁመተ ረጅም ደንበኛ ግንባሩን ሳያስመታ ወጥቶ አያውቅም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የሚላት እሱ ነው።

ታዲያ ያ ጆሮ ደህና ደህናውን ብቻ ቢሰማ ምን ነበረበት! ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በመተላለፊያው በኩል አንድ ብስክሌት ይመጣል። ነጂው ፔዳል መምታቱን ትቶ በራሱ የሚንከባለል ብስክሌት፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እየቀረበ ሲመጣ ይዘገያል። በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጆሮው ቀና ብሎ ያያል። ማንም የለም። ደጃፉ ላይ ፀሐይዋ እንደተንጋለለች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ እሑድን ጨምሮ።

«ደግሞ ማን መጣብህ?» ትለዋለች ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ገታ አድርጋ።

«ማንም።»

«ማንም ከሆነ ታዲያ ወንበር የምትስብለት ለማን ነው?»

ዝቅ ብሎ ሲያይ እውነትም ስቧል። ያቺን አጭር የዱካ ወንበር መቼ እንዳነሳት፣ መቼ በሩ ጋ እንዳስቀመጣት አያውቅም። ክው ይላል። መልሶ ወደ ግድግዳው ይገፋታል፤ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት በሩ ጋ ትገኛለች።

ማን እንደሚመጣ ግን ያውቃል፣ እንዴት ይጠፋዋል! ታናሽ ወንድሙ ነው። ከሥራው የሚመለሰው በዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እዚህ ጎራ ሳይል አያልፍም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ላይኛው ዳገት፣ መንገዱ ጥምዝ የሚልበት ቦታ ላይ ወድቆ የጭነት መኪና ሄደበት። ሰው ሁሉ ሾፌሩን ረገመ። ጆሮው አብሮ አልረገመም፤ ምክንያቱን ያወቀም የጠየቀም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላው ጎማ እምብርት ሞዞ ይባላል። ውስጡ ጥፍር የሚያካክሉ የብረት ምላሶች አሉ፤ ፔዳል ሲመታ ነክሰው ጎማውን ይገፋሉ፣ ሲቆም እየዘለሉ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ለነሱ የሚገባቸው ጠብታ ቀጭን ዘይት ነው። ጆሮው አደጋው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ወፍራም ግራሶ ጠቀጠቀባቸው። ጠቅታው ጠፋ። ግራሶ ያጣበቀው ምላስ ግን አይነክስም። ወንድሙ ዳገቱ ላይ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ክብደቱ ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ይኼን ጆሮው ከቀብር መልስ ጎማውን በእጁ ሞክሮ አረጋገጠ። ከዚያስ? ጎማውን ለወንድሙ ሚስት መልሶ ሰጣት፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አይዞሽ» አላት። እሷም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተችው። ሃያ ሁለት ዓመት በሆዱ ይዞት ኖረ።

ወንድሙ ልጅ ነበረችው። ጆሮው አላገባም፣ አልወለደም፤ ልጅነቷን ሁሉ እዚህ ቤት አሳለፈች። ከእርሳስ በፊት መፍቻ ነው የያዘችው። አሁን የጤና ቢሮ ቀጥሯት መድኃኒት በጀርባዋ አዝላ ወደ ላይኞቹ ጤና ጣቢያዎች በተራራ ብስክሌት ታደርሳለች። መንገዱ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጥምዝ ነው። ገና ሥራ በጀመረች በወሩ ሞዞዋ ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየጎተተች መጣች።

«አጎቴ፣ የማይሰበር ሞዞ ስጠኝ።»

«የማይሰበር የት አባቱ አለ? ቶሎ የማይሰበር ልፈልግልሽ።»

ጨርቅ ዘርግቶ ሦስት ደረደረላት። «ይኼ የሚያብረቀርቀው ቀላል ነው፤ ዘንጉ ግን ቀጭን፣ ለታይታ ነው። ይኼ ኩሽኔታው ክፍት ነው፤ አንድ ክረምት ጭቃ ጠጥቶ ያርፈዋል። ይኼኛው መልከ ጥፉ፣ ከባድም ነው። ግን ዘንጉ ወፍራም፣ ኩሽኔታው የታሸገ፣ ምላሱ ስድስት። አንዱ ቢሰንፍ አምስቱ ይነክሳሉ።»

«መልከ ጥፉና ጠንካራ፤ አንተን ነው የሚመስለው።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!»

ሳቀች። ከዚያ «ቆይማ፣ አራተኛ አለኝ» ብላ ወጣችና ከደጅ አንድ ከረጢት ይዛ ገባች። ጆሮው ገና ከረጢቱን ሲያይ አወቀው።

«የአባቴ ጎማ ነው። ከስንት ልመና በኋላ እናቴ ሰጠችኝ። የድሮ ዕቃ ጥንካሬ አለው ትል የለም እንዴ ሁልጊዜ? የሱ ከኔ ጋር ወደ ላይ ቢወጣ ደስ ይለኛል።» ይኼን ስትል ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። ዘንጉን ግራና ቀኝ ይዛ ጎማውን በመዳፏ መታችው።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ያ ድምፅ ነው፤ የመተላለፊያው፣ የዘጠኝ ሰዓቱ። ከዚያ ሞዞ ሊወጣ የማይችል ድምፅ።

«ትሰማለህ? ገና ጤነኛ ነው እኮ!» አለች ልጅቱ።

«ምንድነው እሱ?» ብላ ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ወዲያ ጮኸች። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ብቻ የሰማውን ዛሬ ሦስት ሆነው ሰሙት። ጎማው ደግሞ አንዴ በተመታ እንዲህ አይዞርም፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ አለ፣ ቀጥ አለ። ልክ በሩ ጋ እንደሚያደርገው።

«ይጣል» አለ ጆሮው። «አርጅቷል።»

«ሳይከፈት? ሳልከፍት አልፈርድም የምትለው አንተ አይደለህም?»

«ይጣል አልኩሽ!»

«ኧረ ምን ነካህ አጎቴ? ካልከፈትክልኝ እንዳለ እገጥመዋለሁ። ነገ ጠዋት ክትባት ይዤ መውጣት አለብኝ።»

እንደምታደርገው ያውቃል፤ ግትርነቷን ከአባቷ ነው የወረሰችው። እሺ ብሎ ዝም ቢል ነገ ጠዋት ያ ጥምዝ ላይ ከኮርቻዋ ብድግ ትላለች። በጉልበት ቀምቶ ቢጥለው ደግሞ ለምን እንደሆነ እስክታውቅ እንቅልፍ አትሰጠውም። ቢከፍተው ሁሉንም በዓይኗ ታየዋለች። መፍቻውን አንስቶ መፍታት ጀመረ።

ሞዞው ሲከፈት ግራሶው እንዳለ ነበር፤ ደርቆ እንደ ሻማ ሆኗል። ሦስቱ ምላሶች ተለጥፈው ተኝተዋል። ልጅቱ በጥፍሯ አንዱን ልታነሳ ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

«አጎቴ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ታዲያ ቅድም ሲጮህ የነበረው ምኑ ነው?»

ከጣሪያው ከተሰቀሉት ጎማዎች አንዱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

ከዚያ ልጅቱ ጣቷ ላይ የቀረውን ግራሶ አሸት አሸት አደረገችው። እዚህ ቤት መጀመሪያ የተማረችው ነገር ምላስ ላይ ወፍራም ግራሶ እንደማይደረግ ነው። ሌላ ስትሳሳት ይስቅባት ነበር፤ አንዴ ይኼን ስትሳሳት ግን ዕቃውን ከእጇ መንጭቆ ጮኸባት። የአባቷን ብስክሌት ከአጎቷ በቀር ማንም ነክቶት እንደማያውቅም እናቷ ስንቴ ነግራታለች። ሁለቱን ስታገናኝ ጆሮው ፊቷ ሲለዋወጥ አየ።

«ይኼን የጠቀጠቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ የወደቀው...»

«በሱ ነው። ሾፌሩ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ከዚያ ጨርቁ ላይ ወዳለው ሞዞ በአገጯ ጠቆመች።

«ያንን መልከ ጥፉውን ግጠምልኝ።»

ሠላሳ ሁለቱን ራጂ፣ የጎማዋን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ ሰካ። ልጅቱ ዓይኗን ከእጁ ላይ ሳትነቅል አየችው፣ ሌባ እንደሚጠበቅ። ምላሶቹ ጋ ሲደርስ የዘይት ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደችና ራሷ አንድ አንድ ጠብታ አደረገችባቸው። ክዳኑ ተዘጋ፣ ራጂው ጠበቀ፣ ጎማው ተሽከረከረ። ደህና ነው። ያኔ ጠርሙሱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«ለምን?»

ለምን! ወንድሙ ያን ቀን፣ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ እዚች ቤት በር ላይ ቆሞ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም ለብሶ እየሳቀ ነበር። የአምስት ወር ሕፃን ነበረችው። ሌሊቱን ስታለቅስ ታነጋለች፤ እንቅልፍ የሚወስዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱ ግቢውን አልፎ ሲገባ ደግሞ የሞዞው ጠቅ ጠቅታ ይቀሰቅሳታል። «እባክህ ወንድሜ፣ ዝም አሰኝልኝ፤ ልጄ ትተኛበት» አለው። ጆሮውም ለዚያች ሕፃን ብሎ ዝም አሰኘው። ያቺ ሕፃን አሁን ከፊቱ ቆማ መልስ ትጠብቃለች።

«ቀጭኑ ዘይት አልቆብኝ ነበር» አለ። «ሄጄ እንዳላመጣ ሰነፍኩ። እጄ ላይ ያገኘሁትን ጠቀጠቅኩ።»

«በስንፍና?»

«በስንፍና።»

«ሌላ ምክንያት የለህም?»

«የለኝም፣ የኔ ልጅ።»

«ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለችው።

አምናዋለች። ጎማውን ገጠመች፣ ብስክሌቷን ገፍታ ወጣች፣ መተላለፊያውን ይዛ ወረደች። ጆሮው ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰምታ እንዳትመለስና እንዳትጠይቀው ፈርቶ፣ ዋናው መንገድ ላይ እስክትደርስ አፉን በእጁ ይዞ ጠበቀ።