የፔኒሲማኒ ኮምፒውተርና ቀድሞ የገባው ድምፅ

ፔኒሲማኒ በኮምፒውተር ከሙታን ጋር ያወራል የሚለው ወሬ የወደብ ከተማችንን ኔያፉን በአንድ ሳምንት አዳረሰ። ከየት እንደ ተነሣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግማሹን ያዛመትኩት እኔ ነኝ። ወደ ወደቡ የሚወርዱ ሴቶች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ፣ ከተቀበሩ ዓመታት ያለፏቸው ሰዎች ቤቱ ውስጥ ሲዘምሩ ሰሙ። ሙታኑ ደግሞ የሚያውቁት አንድ አንጓ ብቻ ነው። ይዘምራሉ፣ ቀጥ ይላሉ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዷ «የሟቹን አማቼን ድምፅ ለየሁት» አለች። ሌላዋ «እሱማ መልስ ይሰጣቸዋል እኮ! ‹አሁንም ጭጋግ አለው፣ ድገሙት› ሲላቸው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። ነገሩ ቄሱ ድረስ ሄዶ ነበር።

ጎረቤቱ ነኝና ላርመው። ፔኒሲማኒ ከሙታን ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። የውሃ ታንከር እየበየደ የሚኖር፣ ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቃል ለመጻፍ በአንዲት ጣቱ ሩብ ሰዓት የሚፈልግ ሰው ነው። ያን ሁሉ ሲያደርግ የነበረው የቤቱ ኮምፒውተር ድምፅ እንዲጠራለት ነው። ለምን እንዲጠራለት ፈለገ? ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የመዝሙር ውድድር ላይ፣ የመንደራችን መዘምራን ሊያሸንፉ ጫፍ ደርሰው ነበር። የያዝነው መዝሙር ሦስተኛው አንጓ ላይ ድንገት ይቆማል። ሰማንያ ሰው ለሁለት ምት ያህል ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ያችን ጸጥታ ስድስት ወር ተለማምደናታል። ከመዝሙሩ ይልቅ እሷ ናት ያደከመችን። በዕለቱ ግን አንድ ሰው ሁለተኛውን ምት ሳይጠብቅ ጸጥታው ውስጥ ዘሎ ገባ። ዳኞቹ እርሳሳቸውን አነሡ፤ ዋንጫው ወደ ጎረቤት መንደር ሄደ። የመዘምራኑ መሪ መምህር ሊሲያቴ ዘወር ሲል ዓይኑ ያረፈው ፔኒሲማኒ ላይ ነው። ለምን እሱ ላይ? እኔ እንጃ፤ ምናልባት ረጅም ስለሆነ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ቀዳሚው» ሆኖ ቀረ።

ወደብ ላይ ሲቆም፦ «ቀዳሚው፣ መርከቡ ገና አልደረሰም፤ አንተ ግን ከፈለግህ ግባ!» ይሉታል። ሠርግ ላይ ደግሞ፦ «ቀዳሚውን ከገበታው አርቁት፣ ‹አሜን› ሳይባል ይጀምራል!»

እሱም አብሮ ይስቃል። መዘመር ግን አቆመ። በመንደሩ ውስጥ በዚህ ስም ጠርታው የማታውቅ ታላቅ እህቱ ካሎላይኔ ብቻ ናት፤ ያኔም አሁንም በሴቶቹ የፊት ረድፍ የምትቆመው። እሷ ግን ነገሩን ከነጭራሹ አንሥታ አታውቅም። በእኛ ዘንድ እህት የተከበረች ናት፤ ወንድም ከእሷ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አያወራም። እሷ ስትገባ እሱ ሬዲዮውን ያጠፋል፣ ሳቁን ይውጣል፣ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ልጆቹ ሲዳሩ ከሁሉ በፊት ምንጣፍ የሚነጠፈው ለእሷ ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ ፔኒሲማኒ ራሱም እውነቱን አያውቅም። አንድ ቀን ታንከር ሲበይድ ቆሜ ሳየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ስማኝማ፣ አፌን ከፍቼ ነበር ወይስ አልከፈትኩም?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዓይኔ ሊሲያቴ እጅ ላይ ነበር።»

«መጀመሪያ እንዳልከፈትኩ እርግጠኛ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትነግሩኝ ጊዜ፣ አሁን ስከፍተው ይታየኛል።»

ዘንድሮ ጉባኤው እዚሁ ኔያፉ ነው የሚደረገው። ሊሲያቴ ድምፅ መምረጥ ሲጀምር ፔኒሲማኒ እንደ ክብር ልብስ ወገቡ ላይ ምንጣፉን ታጥቆ፣ በወግ፣ ሄዶ ቦታ ጠየቀ። ሊሲያቴ ክፉ አይወጣውም። «እናያለን» አለው። እሱ «እናያለን» ያለውን ነገር ደግሞ ማንም አይቶት አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ፔኒሲማኒ የዕለቱን ካሴት ያስታወሰው። ሲቀዳ ሁለት ማይክሮፎን ቆሞ ነበር፤ አንዱ በወንዶቹ ፊት፣ ሌላው በሴቶቹ ፊት። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠ። በማግሥቱ አጥሬን ዘሎ መጣ።

«ሁለት ናቸው!»

«ምኖቹ?»

«የገቡት! አንድ ሰው አይደለም፣ ሁለት ናቸው! አንዱ እኔ ብሆን እንኳ ጓደኛ አለኝ!»

ሄጄ ሰማሁ። ድምፁ ሳይሆን ዓሣ ሲጠበስ ነው የሚመስለው። ሆኖም ጸጥታው ላይ ሲደርስ እውነትም አንድ «ኡ» ይገባል፣ ተከትሎት ሌላ «ኡ»። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለተኛውን ሰው ስንፈልግ ከረምን። የጠረጠርነው ሰው ሁሉ ሞቶ ተገኘ፤ ይህም ለወሬው ጠቀመ። በአራተኛው ቀን ባሕር ማዶ ኦክላንድ የሚኖረው የሚስቱ የአክስት ልጅ በስልክ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ ማስተካከያ አለ፣ እሱን አጥፋው» አለው። አጠፋው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆኑ። ፔኒሲማኒ ያንን ቀን ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው ዋለ።

ዘመድዬው ግን አዘነለትና ጥቅል ላከ። በጥቅሉ ውስጥ የሳሙና መያዣ የምታህል ሳጥን፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫና ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበሩ። የኮምፒውተሩ የራሱ ድምፅ ማውጫ ከሆዱ ጫጫታ ጋር ስለሚደባለቅ፣ ድምፁ በሳጥኗ በኩል ተጣርቶ ይውጣ ነው ነገሩ። ሰካት። መጥበሱ ቀረ፤ በምትኩ «እእእእ» የሚል ነገር መጣ። ሁለት ቀን ኮምፒውተሩን ሲያዞረው፣ ሲያነሣው፣ እግሩ ሥር ፎጣ ሲያነጥፍለት ቆየ። በመጨረሻ ያ «እእእእ» የሚመጣው በአንድ ማከፋፈያ ከተሰካው ማቀዝቀዣ መሆኑን ደረሰበት። ማንንም ሳያማክር ነቀለው።

ሚስቱ ሱሊዬቲ በማግሥቱ ማቀዝቀዣውን ከፈተች።

«ፔኒ! ይህን ማን ነው የነቀለው?»

«ያጉረመርማል፣ የኔ እመቤት።»

«እኔም አጉረመርማለሁ፣ እኔንም ንቀለኛ! የቱና ዓሣው ሸቷል። በል ቁጭ በልና መዝሙርህን ብላ!»

ማቀዝቀዣው ወደ ሌላ ግድግዳ ተዛወረ። ድምፁ እውነትም ጠራ። ፔኒሲማኒ ማዳመጫውን አድርጎ ሰማና፣ የገባው ድምፅ በቀኝ ጆሮው በኩል መሆኑን ለየ። ዓርብ ዕለት ከሥር የሚበጠበጠውን መጠጣችንን ካቫ ልንጠጣ በተቀመጥንበት መጥቶ በኩራት ተናገረ።

«በቀኝ ነው! አሁን በቀኝ ማን ነበር የቆመው?»

«ወንዶቹ ናቸዋ» አለው አንዱ። «አንተን ጨምሮ። ይኸው ራስህ ላይ መሰከርህ፣ ቀዳሚው!»

ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ! ካቫ የሚቀዳው ሰውዬ ጭልፋው ከእጁ ወደቀ። ሌላው ግን ቆይ አለ፤ «በቀኝ ማለት በእኛ ቀኝ ነው ወይስ በተመልካቹ ቀኝ? ወደ እነሱ ዞረን ነው እኮ የዘመርነው።» «በተመልካቹ ከሆነ ሴቶቹ ናቸው።» «ማይክሮፎኑስ? ማይክሮፎን እንደኛ ነው የሚያየው እንደ ተመልካቹ?» «ማይክሮፎን አያይም፣ አንተ!» እኔ ተነሥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዬን ወደ ሰው አድርጌ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ከዚያ በኋላ የራሴም ቀኝ ጠፋኝ። ቤታችን ስንሄድ ማንም ምንም አላወቀም።

በማግሥቱ ማዳመጫውን አንሥቼ ሳገላብጠው ጠርዙ ላይ ምልክት አየሁ። ሰውየው ለካ ገልብጦ ነው የሚያደርገው፤ የግራውን በቀኝ። አስተካክሎ አደረገና ሰማ። ፊቱ በራ።

«በግራ ነው! እኛ የቆምነው በየትም ይሁን፣ የራሴን ወፍራም የባስ ድምፅ በቀኝ እሰማዋለሁ። የገባው በግራ ነው። ሴት ናት!»

ከኩሽና የሱሊዬቲ ድምፅ መጣ፦ «ምን አልክ? እኔም እዚያ ነበርኩ እኮ!»

«አንቺን አላልኩም...»

«ባሌ ሆነህ ኮምፒውተር ልትመሰክርብኝ ነው?»

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በመንደሩ ውስጥ ያኔ የዘመረች ሴት ሁሉ በቤቱ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞር ጀመር። እሱ ግን አልጋ ላይ እንኳ ሲጋደም ጥርሱ አይከደንም። እሱ አይደለማ! ማንነቷ ገና አልተለየም፤ ድምፁ ስስ ነው፣ እንደ ክር። ኦክላንድ ያለው ዘመድ ይህንንም ፈታለት። ካሴቱ መጀመሪያ ሲገለበጥ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ተብሎ ተጨፍልቆ ኖሯል፤ ሲጨፈለቅ ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ ይቆረጣል። እንደገና፣ ምንም ሳይቀነስ፣ በሙሉ መጠኑ ተገለበጠ።

ፔኒሲማኒ አዲሱን ግልባጭ ብቻውን አልሰማውም። ምስክር ፈለገ። ቅዳሜ ከሰዓት መምህር ሊሲያቴን፣ እኔንና ከካቫ ቤት ሁለት ሰው ጠራ። ሱሊዬቲ «ስሜ ሲጠፋ ቆሜ ልስማ» ብላ ክንዷን አጣጥፋ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ፔኒሲማኒ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

«መምህር» አለ፣ «እኔ ካልሆንኩ ቦታዬን ትሰጠኛለህ?»

«ካልሆንክ እሰጥሃለሁ» አለ ሊሲያቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እናያለን» አላለም።

ከፈተው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ያን አዳራሽ ቤቱ ውስጥ አመጣው። የሟቹ ድምፅ፣ የሕያው ድምፅ፣ አንድ በአንድ። መዝሙሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጥ አለ። ጸጥታው ውስጥ የአዳራሹ ቆርቆሮ በንፋስ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ከዚያ ገባች። ድምፅ ከማውጣቷ በፊት ጉሮሮዋ ላይ የምትይዛት ትንሽ ትንፋሽ አለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የሰማናት። የካሎላይኔ ነበረች።

ማንም ማንንም አላየም። ሱሊዬቲ ክንዷን ፈታች። ሊሲያቴ በቀስታ፣ «እስቲ ድገመው» አለ፤ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲገኝለት የፈለገ ይመስለኛል።

ፔኒሲማኒ እጁን ሲዘረጋ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ካሎላይኔ ራሷ ናት። እንግዳ እንዳለበት ሰምታ ሉ ሠርታ አመጣች፤ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ከነትኩሳቱ። ፔኒሲማኒ ብድግ አለ። ማጥፊያውን አልነካም፤ ገመዱን በእጁ ይዞ ከሳጥኗ ላይ መነጨቀው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይቅርታ እትዬ፣ ሰዎቹን የጠራሁት ለዚሁ ነው። ያን ቀን የገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ተረጋገጠ። ያኔ ድምፄ ቀጭን ነበር።»

ያኔ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበር፣ የበሬ ድምፅ ያለው።

ካሎላይኔ ወንድሟን አየችው፣ ጠረጴዛውን አየች። ሳህኑን ለሱሊዬቲ አቀበለቻትና «ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ብላ ወጣች። እየመጣች ሳለ ከመንገድ ሰምታው ይሆን? ድምፁ እስከ ወደቡ ይሰማል። ደግሞ ላትሰማም ትችላለች። በዚህ ከተማ የማላውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ይህንን ግን አላውቅም።

ሊሲያቴ ጉልበቱን እያሸ ወደ ፔኒሲማኒ ዞረ።

«ባሱ ላይ ሰው ጎድሎኛል» አለ። «ሰኞ በአሥር ሰዓት ና።»

«እኔ ነኝ እያልኩህ እኮ ነው፣ መምህር። ካልሆንኩ ነበር ያልከው።»

«ሰማሁ። ሰኞ ና።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ፔኒሲማኒ፣ ሰኞ ና አልኩህ እኮ!»

ሰውዬው ደስ ይበለው ወይስ ይፈር ግራ ገብቶት ተቀመጠ። እኛም ግራ ገብቶን ቅጠሉን እየፈታን መብላት ጀመርን፤ ባንበላ ደግሞ ይብሳል። እሱ የተነቀለውን ገመድ እጁ ላይ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ፣ ደግሞ ሲጠቀልል ቆየና፣ አፋችን ሁሉ ሞልቶ ሳለ፣ እንዲህ ሲል ጠየቀ።

«ኦክላንድ ድምፁን ትንሽ መልሶ የሚያበላሽ ዕቃ ይሸጡ ይሆን?»