ጣሪያ የሌለው መታጠቢያ ቤት

ወንድሜ ከዲማ የመጣው ቤቱን ለማደስ ነበር። እዚያ ለወርቅ ቆፋሪዎች አካፋ፣ ገመድና ባትሪ ይሸጣል፤ ወደ ጋምቤላ ብቅ የሚለው ለዒድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ዒድን ሳይጠብቅ መጣ፤ በመንገዱ በኩል ያለው ቤታችን ተከራይ አጥቶ ባዶውን ከርሞ ነበርና። አባባ ወደ አኼራ ከሄደ፣ የእሱ ሱቅም ከተዘጋ ወዲህ እናቴና እኔ የምንኖረው በዚያ ቤት ኪራይ ነው። ተከራዮቻችን ሾፌሮች ነበሩ፤ ሥራቸው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ለቀቁ።

ወንድሜ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነገሩን ተናገረ።

"ቤቱን እናሳምረዋለን። ደህና ተከራይ ከመጣ ጥሩ። ካልመጣ ግን እንሸጠውና ሁላችንም ዲማ እንገባለን።"

እናቴ ሻንጣውን ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባች። ከዚህ ግቢ መውጣት አትፈልግም። እኔም ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ሱቅ ውስጥ ስለዋልኩ ከዚህ ሌላ የማውቀው ቦታ የለም።

በማግስቱ ግንበኛ ይዞ መጣ። ግቢው መሃል ቆመው ሲመካከሩ እኔ ከእናቴ ጀርባ ነበርኩ።

"ተከራይ መጀመሪያ የሚያየው የግቢውን በር ነው" አለ ወንድሜ። "ይሄ ዝገት ተነስቶ ላሜራ በር ይገባል።"

"ቆርኒስ ይሻላል ልጄ" አለች እናቴ። "በበጋ እኮ ቆርቆሮው ሰው ይጠብሳል።"

"ቆርኒሱም ይገባል። ሳሎኑ ሴራሚክ ይለብሳል። ቀለምም እናድሳለን።"

ግንበኛው ወደ ጓሮ አንገቱን አሰገገ። "መታጠቢያ ቤቱስ?"

መታጠቢያ ቤታችን በብሎኬት የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። እኛም ተከራዩም የምንታጠበው እዚያው ነው። ጣሪያ የላትም። አባባ ሲሠራት በአካባቢው ከእሷ ከፍ ያለ ነገር ዛፍ ብቻ ስለነበረ ጣሪያ አላስፈለጋትም፤ በዚያ ሙቀት ነፋስ መግባቱም ደስ ይል ነበር። በኋላ ጎረቤታችን ቦታውን ለፔንሲዮን ሰጠው። ፎቅ ተሠራ፤ የፎቁ ደረጃም በውጭ በኩል፣ በእኛ በኩል ወጣ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ እዚህ አልኖርም። የምታውቂው አንቺ ነሽ። መታጠቢያው እንዴት ነው?"

ግንበኛውም መልሴን እየጠበቀ አየኝ።

"ደህና ነው" አልኩ።

"ውሃው ይፈሳል? አይቋጥርም?"

"ይፈሳል።"

"በቃ፣ እሱ ይቅር" አለ ወንድሜ፤ ከግንበኛው ጋር ወደ በሩ ሄዱ።

ከደረጃው ላይ ውስጡ ይታያል ብል ኖሮ ታይቻለሁ ማለት ነበር። ደግሞም ታይቻለሁ። ፔንሲዮኑ ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ፀጉሬን እየታጠብኩ ሳለ ከላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። "እህት፣ ዛሬ ውሃ መጥቷል እንዴ?" ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆሟል። አልሰደበኝም፣ አላፏጨም፤ የጠየቀኝ ልክ መንገድ ላይ እንዳገኘኝ አድርጎ ነው። ጭንቅላቴ ላይ ሳሙና እንዳለ ልብሴን ደርቤ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ የምታጠበው ከሱብሂ በፊት፣ በጨለማ ሆነ።

ሥራው ተጀመረ። በሩ ሰማያዊ ተቀባ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። ቆርኒሱ ሲገባ እናቴ ከሥሩ ቆማ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ሴራሚኩን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ስወለውል መታጠቢያ ቤቱ ትዝ ይለኝና ዛሬ ለወንድሜ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ እሱ ሲመጣ ሻይ አቀርብለታለሁ፣ አንገቴን ደፍቼም እመለሳለሁ።

ቤቱን ልታይ የመጣችው ሴት ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ በእርዳታ ሥራ ላይ የቆየች የዚሁ አገር ልጅ ነች። ቢሮዋ ወደ ከተማ አዛውሯታል። አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ቢሆንም የፈለገችውን ትናገርበታለች። ሳሎኑን አየች፣ ሴራሚኩን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገች፣ ቆርኒሱን ቀና ብላ አየች። ወንድሜ በየክፍሉ ከኋላዋ እየተከተለ ያወራል።

"በሩንስ አየሽው? ሙሉ ላሜራ ነው።"

"በሩ ቆንጆ ነው" አለች። "እኔ ግን በሩ ላይ አልታጠብም። የት ነው የምንታጠበው?"

ወደ ጓሮ ወሰዳት። ወደ ውስጥ ገባች። ሳቋ ተሰማ።

"ወንድሜ፣ ና እዚህ። ያ ሰውዬ ከቤቱ ጋር ነው የሚከራየው?"

አንድ እንግዳ ደረጃው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። ሴትዮዋ እጇን አወዛወዘችለት፤ እሱም መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አወዛወዘላት። ቀለም የሚጨርሰው ግንበኛ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ወንድሜ አልሳቀም። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ነበርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እኔ ባሮ ላይ ታጥቤ ነው ያደግኩት" አለች ሴትዮዋ። "ማንንም አልፈራም። ግን ወንዝ ላይ ሰው ያልፋል። እዚህ ሰው ይቆማል። ጣሪያ ሲኖረው ደውሉልኝ፤ እስከ እሁድ ሌላ ቤት አልይዝም።"

ስትወጣ ወንድሜ ጠራኝ።

"ደህና ነው አላልሽም? አንቺ ራስሽ የት ነው የምትታጠቢው?"

ግንበኛው ብሩሹን ይዞ ቆሟል። ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

"ተዋት" አለች እናቴ። "በጨለማ ነው የምትታጠበው።" ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም በጨለማ ነው" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ሁልጊዜ ከመግሪብ በኋላ ባልዲ ይዛ ስትሄድ ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቃ ይመስለኝ ነበር። እሷ ደግሞ እኔ ጎህ ሳይቀድ የምነሳው ለሶላት ብቻ መስሏት ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን፣ አንዳችን ከሌላችን ተደብቀን ታጥበናል።

ወንድሜ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። እኔ በምቆምበት ቦታ ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ በበሩ ክፍተት አየሁት። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። አጥር ጥግ የተጣለውን የአሮጌውን በር ቆርቆሮ ጎተተና መዶሻ ይዞ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወጣ። ግንበኛው "ልርዳህ" ቢለው "አያስፈልግም" አለው። እናቴ ሚስማር ታቀብለዋለች፤ እኔን ማንም አልጠራኝም፣ እኔም አልቀረብኩም።

ሴትዮዋ ቤቱን ተከራይታ ገባች። ቤቱ አልተሸጠም፤ ወንድሜም ወደ ዲማ ተመለሰ። ሲሰናበተኝ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም እጁን ስሜ ሸኘሁት። ግንበኛውን ገበያ ውስጥ ሳየው እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ።

አሁን በቀን እታጠባለሁ። ባለፈው ሳምንት በቀትር፣ ጆጉን ሞልቼ ላፈስ ስል ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ከራሴ በላይ ያ የዛገ ቆርቆሮ ድፍን ብሎ ተመቷል፤ አውቃለሁ። ግን ውሃው እንዳይሰማ ጆጉን እንደያዝኩ፣ ኮቴው እስኪያልፍ ድረስ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ።