ከታች የመጣው ማዕበልና አባ ላላ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርከብ ሲያስር የኖረውን ሰው የወደቡ ሰዎች «አባ ላላ» ይሉታል። ለሹፈት ነው። ጨረቃ ከሞላች ወይም ጨርሳ ከጠፋች በኋላ አንድ ሳምንት ይቆጥርና፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ መርከብ ከሚታሰርበት የብረት ጉቶ ላይ የጠመጠመውን ገመድ ሁሉ አንድ አንድ ክንድ ያላላል። በዚያ ቀን የወደቡ ውሃ ዝም ብሎ ከፍ ይላል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ይመለሳል።

ምክንያቱን የነገረችው ባሕር ልታጠና የመጣች ወጣት ናት።

«አባባ፣ ከዚህ በጣም ርቆ ባሕሩ ውስጥ የተደበቀ ተራራ አለ። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሲበረታ ከተራራው ጋር ይጋጭና ከታች፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሞቃቱን በተሸከመበት ድንበር ላይ፣ ትልቅ ማዕበል ይነሳል። ላዩን ሳያስነቃ ሳምንት ያህል ተጉዞ እዚህ ሲደርስ የወደቡን ውሃ እንደ ሳፋ ውሃ ያወዛውዘዋል።»

«እንደ ሐሜት ነዋ!» አላት፤ «ከታች ከታች ሄዶ የሰው ቤት የሚያናውጥ።»

የወደቡ ኃላፊ ግን ይህን አይሰማም። የውሃው ከፍታ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዴ ይለካል፤ መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ። ደህና በሆነ ውሃ ላይ የላላ ገመድ ዝርክርክነት ነው። ስለዚህ ለአባ ላላ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፎለታል። ሦስተኛው ደብዳቤ ስንብት ነው፤ ለጡረታው ደግሞ የቀረው አሥር ወር ብቻ።

«ዛሬ ወደቡ ላይ እንግዶች አሉ ብለሃል» አለችው ባለቤቱ አንድ ጠዋት። «አደራህን፣ እንዳታላላ። ቢበጠስ የአባትህ ገመድ አይደለም!»

«እሺ» አላት። እሺታው ከበሩ አላለፈም።

ለእንግዶቹ አዲስ መርከብ ሊታይ ነው፣ ምሳቸውም እዚያው መርከቡ ላይ ነው፤ ኃላፊው ገመዱ ሁሉ እንደ ከበሮ ቆዳ እንዲወጠር አዟል። አራት ሰዓት ላይ ውሃው መውረድ ጀመረ። መርከቡም አብሮ ወረደ፤ ገመዱ ሲጥ አለ። አጠገቡ እንግዶቹ ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። የሚበጠስ ገመድ እግር ይዞ እንደሚሄድ አባ ላላ በዓይኑ አይቷል። ሮጦ አላላው።

«ማን ፈቀደልህ?» ጮኸ ኃላፊው።

«አለቃ፣ ውሃው እኮ ወርዷል።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነበር!»

ሦስተኛው ደብዳቤ ከምሳ በፊት ደረሰው። ኮሚቴም ተሰበሰበ፤ «ነፋስ ሳይኖር ውሃ ሊነቃነቅ ስለማይችል፣ አልተነቃነቀም» ብሎ ፈርሞ ተነሳ።

የመርከቡ ካፒቴን ግን ሁሉንም ከላይ ሆኖ አይቶ ነበር። «ገመዴን ያ ሽማግሌ ካልያዘው፣ እንግዶቻችሁ ሳይበሉ መርከቤን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ኃላፊው ላቡን ጠርጎ አራተኛ ደብዳቤ ጻፈ፦ ስንብቱ የውሃው መነቃነቅ ጨርሶ እስኪያቆም ድረስ ታግዷል።

ባለቤቱ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። «እና መነቃነቁ አሥር ወር ይቆይልሃል?»

«ባሕር መቼ ጡረታ ወጥቶ ያውቃል?» አላት፣ ጫማውን እያወለቀ።