አባቴ ታኮ ያደረጉት ድንጋይ

አባቴ ድሬዳዋ ላይ የእንፋሎት ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ፤ ባቡሩ ወደ ናፍጣ ሲዞር ሥራቸው አብሮ ቀረ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ አውሮራ እኔ ጋ ሲመጡ፣ ዴንቨር ውስጥ ለማሳያ የቆመ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ላሳያቸው ወሰድኳቸው። መኪናዬን ከፊቱ ፓርክ አደረግኩ። እሳቸው እንደወረዱ ድንጋይ ፈልገው ከባቡሩ የፊት መንኮራኩር ሥር ታኮ አደረጉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ እሳቱ ሲጠፋ እኔም ገና አልተወለድኩም ነበር» ብዬ ሳቅኩ።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከባቡሩ ሳይነቅሉ።

በሳምንቱ ብቻዬን በዚያ ሳልፍ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ብዬ ድንጋዩን ላነሳ ወረድኩ። አባቴ ጠጋ ብቻ አድርገው ነበር የተዉት። በእጄ ሳብኩት፣ በእግሬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። መንኮራኩሩ ተጭኖታል።

ዞር ብዬ መኪናዬን አየኋት። ዛሬም ከፊቱ ነበር ፓርክ ያደረግኳት።