ያኮረፈች ዓይን

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ከመርሳ ከተማ ዝቅ ብሎ ካለው ማሳችን አጠገብ ስንኖር፣ አባቴ እግሩን ታሞ በተኛበት የጥቅምት ወር ማሽላውን አይቼ እንድመጣ ላከኝ። ክረምቱ ቀድሞ ስለወጣ፣ ፍሬ ካልያዘ ለከብት ሊያሳጭደው አስቦ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ለእህቴ ጫማ ተገዝቶላት ለእኔ ስላልተገዛልኝ ለንቦጬን ጥዬ ነበር የሄድኩት። ማሳው ዳር ቆሜ ሳይ ወፍ የጨረሰው ባዶ ዛላ ብቻ ታየኝ። ተመልሼም «አልቋል፤ ምንም የለውም» አልኩት። አባቴ ሲፈጥረው ክፉ ክፉውን ቶሎ የሚያምን ሰው ነውና ለማግስቱ ደቦ አስጠራ።

ያን ምሽት አባባ እያልን የምንጠራቸው አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ተረት ጀመሩ። ኩበቱ ይጤሳል፣ ፍሙ ፊታቸውን ያቀላዋል፤ ዓይናቸው ፈዞ ስለነበር ኩራዙ ቢበራም ባይበራም ለእሳቸው ያው ነበር። አንድ አባት ሁለት ልጆቹን አንድ መሬት እንዲያዩለት ላካቸው አሉ። አንዱ «ድንጋይ ነው» ብሎ መጣ፣ ሌላው «ምንጭ አለው» ብሎ መጣ፤ ሁለቱም ግን አልዋሹም። አባትየው ያዩትን ትቶ «መንገዱን ምን እያሰባችሁ ሄዳችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። እዚህ ላይ አባባ ተረቱን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ምን እያሰብሽ ሄድሽ?»

«ጫማውን» አልኳቸው፤ አፈርኩ፣ እንባዬም መጣ።

አልተቆጡኝም። ጎህ ሲቀድ፣ ደቦው ማጭዱን ይዞ ሳይደርስ፣ እጃቸውን ይዤ ማሳው መሃል አስገባኋቸው። ዛላውን አንድ በአንድ ይዳስሱ ጀመር።

«እጄ አኩርፎ አያውቅም» አሉና ሳቁ።

ወፍ የበላው ዳር ዳሩን ነበር፤ መሃሉ ፍሬው ሞልቶ አዘንብሏል። ሊያጭዱ የመጡት ጎረቤቶቻችን እሸት ጠብሰን አብልተናቸው ተመለሱ። አባቴ ግን ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ «እስቲ እናያለን» ከማለት አላረፈም።

ያ ማሽላ ለከርሞ አደረሰን። ዛሬ የግብርና ባለሙያ ሆኜ መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ገጠር የሰው ሰብል እየዞርኩ አያለሁ። ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም፤ ባሌ ምስክሬ ነው። ማሳ ዳር ስደርስ ግን ቆም እልና «ዛሬ ማን አስኮረፈሽ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምጠራው ስም አላጣም። ከዚያ መሃል ድረስ ገብቼ በእጄ እዳስሳለሁ።