ንጉሥ ብለሽ ጥሪው

አፌ አያርፍም፤ ይህን ሱሉልታ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ሰሞን ግን የሰው አፍ ጠባቂ ሆኜ አረፍኩት፣ ጉድ እኮ ነው!

ታናሽ ወንድሜ ቡራዩ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። እዚያው የምትሠራ ነርስ ወደደ፤ የጋምቤላ ልጅ ናት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሑድ ለምሳ ይዟት ሊመጣ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «እታለም፣ ያቺን ቃል አንዳችሁ ካወጣችኋት አለቀልኝ። በዚያች ቃል ስንቴ እንዳለቀሰች አታውቂም» አለኝ። የሱም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

«ለኔ ተወው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ከቤቱ ቀድሜ ቀለም የቆጠርኩት እኔ ነኛ!

ዓርብና ቅዳሜ ቤተሰቡን ሳሠለጥን ዋልኩ። እማዬን፣ «"ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት" እንዳትዪ» አልኳት።

«ምን አጠፋሁ? ቆንጆ ናት አልኩ እኮ!»

«መልኳን ተዪው በቃ።»

«እሺ። ጥርሷ ግን ወተት ነው፣ ፎቶዋን አይቻለሁ።»

«እማዬ!»

«እንግዲያስ ዲዳ ሆኜ ልቀበላታ!» ብላ ጥላኝ ሄደች።

አባባ ደግሞ የሰው ዘር ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ሻይ እንኳ አብረው አይጠጡም። ዘር ማንዘሯን እንዳይጠይቋት ስለምናቸው፣ «ታዲያ ስለ ምን ላውራት?» አሉኝ። የከብት ድርቆሽ ነጋዴ ናቸውና ስለ ድርቆሹ ያውሩ አልኳቸው።

የቀረን ውሻው ነበር። ግቢያችን ውስጥ ጥላሸት የመሰለ ውሻ አለ፤ ስሙ «ባርያው» ነው። ይኸው ጻፍኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ አጥር ላይ ቆመን በዚህ ስም ስንጠራው፣ ከጎረቤት አንድ ሰው ነውር ነው ያለን የለም። ጠዋት ጠዋት በበራችን የሚያልፉ ሯጮችን ሲያባርር እማዬ ስሙን ትጠራዋለች፣ እሱም ጆሮውን ጥሎ ይመለሳል። በሌላ በምንም አይመለስም። ለእሑድ ጓሮ፣ ከላሞቹ ጋር አሰርነውና ስሙን ማንም እንዳያነሣ አዘዝኩ።

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። ቀጥ ያለች ረጅም ሴት ናት፣ ሙዝ በፌስታል ይዛለች። ገና ከበሩ «አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው አባባ በደስታ ድርቆሹን ረሱት። ሰላምታው ሳያልቅ ውሻው ገመዱን በጥሶ ከጓሮ ተፈተለከ። ቀጥታ ወደሷ! አባባ በኦሮምኛ «ዲሲ! ዲሲ!»፣ ተው ተው ቢሉት ማን ሰምቷቸው። ወንድሜ ከፊቷ ተገተረ። እማዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እኔን ታየኛለች። ሁላችንም ያቺን ቃል ምላሳችን ላይ ይዘን ቆመናል።

ውሻው ሊዘል ሲል «ባርያው!» ብሎ የጮኸ ሰው አለ። ማን መሰላችሁ? እኔው ነኛ።

ውሻው ባለበት ቆመ። እኛም ቆምን። ሙዙ መሬት ላይ ተበትኗል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እሷ ውሻውን አየች፤ ከዚያ እኛን። «እሱስ ሲጠሩት ይሰማል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ታክሲ ውስጥ ሲጠሩኝ ያልሰማሁ መስዬ ስንት ዓመት አለፍኩ። ማነው ስሙን ያወጣለት?»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ነኝ ልጄ፣ ሽማግሌም ይሳሳታል» አሉ።

ውሸታቸውን ነው፤ እኔን ሊሸፍኑ ነው። አፌ መቼ ያርፋል፣ «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

ጥቁር ስለሆነ ማለት አቃተኝ። የባሰም ነገር ነበረኝ። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ቡችሎች ነው በአንድ ካርቶን ያመጣሁት፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ይህንንም ዘረገፍኩት።

«ነጩንስ ምን አልሽው?»

«ንጉሥ።»

ወንድሜ ራሱን ያዘ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አጎንብሼ ሙዙን መልቀም ያዝኩ። «የት አለ ንጉሡ?» አለች።

«ሞተ። የጎጃም መንገድ ላይ መኪና ገጨው።»

«እንግዲያው ዙፋኑ ባዶ ነው» አለች። ምሳዋን በላች፣ እማዬን አመሰገነች። ስትወጣ በሩ ላይ ያዝ አደረገችኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ንጉሥ ብለሽ ጥሪው። በዚያ ስም ሲጠራ የመጣ ቀን ሽማግሌ ላኩ። እስከዚያ እዚህ ቤት አልገባም» አለችኝ።

የወንድሜ ትዳር በውሻ ጆሮ ላይ ተንጠለጠለላችሁ! በማግስቱ አጥንት ይዤ ጓሮ ገባሁ። «ንጉሥ! ና!» ስለው ቀና ይልና ወደ በሩ ያያል። ደጋግሜ ብጠራው ደጋግሞ ወደ በሩ። ደደብ ብዬ ሰደብኩት። ለካ ወንድሙን ነው የሚጠብቀው፤ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፈውን ወንድሙን! ሲገባኝ እዚያው ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጥንቱን ሳይመጣም ሰጠሁት።

ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል። እንዴት አደርሽ የለ፣ ደህና ነሽ የለ፣ «መጣ?» ብቻ። እማዬ እየረሳች በድሮው ስም ትጠራውና የሳምንት ልፋቴን ገደል ትከተዋለች። አንድ ጠዋት ሯጮቹን ሲያባርር ሁላችን «ንጉሥ! ንጉሥ!» ብንል አንዱ ሯጭ ዞር ብሎ፣ «ጃንሆይ፣ ይማሩኝ!» እያለ ሸመጠጠ።

በስድስተኛው ሳምንት መጣ፤ ጅራቱን እየቆላ፣ ያለ አጥንት። ወዲያው ደወልኩ። እሑድ እሷ በሩ ላይ ቆማ ራሷ ጠራችው። ሄደና እግሯ ሥር ተኛ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ወንድሜ እንደ ልጅ ዘለለ።

እሷ የውሻውን ጆሮ እያሻሸች ቀና ብላ አየችኝ። «እሱስ ለመደ» አለች። «አንቺስ?»

ልምልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ዕለት ጠዋት ድርቆሽ የሚጭንልን ሰውዬ አንዱን እስር ጭቃ ውስጥ ሲጥልብኝ፣ ያቺው ቃል መጥታ በጥርሴ ነበር የመለስኳት።

«ገና ነኝ» አልኳት።

«ላንቺም አጥንት ይዤ እመጣለሁ» አለችና አልፋኝ ወደ ቤት ገባች።