በከፈን ተጠቅልሎ የመጣው አጥንት

ከጦርነቱ በፊት የሰፈሬ ሰው «ጅብ የተወውን ለቃሚ» ይለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። በሀብሩ ተራሮች አጋዘን ጠፍቷል ሲባል እልህ ያዘኝና፣ አንድ እንኳ መኖሩን ላስመሰክር ብዬ ከየቁጥቋጦው ሥር የአጥንት ስብርባሪና የቆዳ ቁራጭ ስለቅም ዓመታት አለፉ። ዲኤንኤው ሲመረመር ግን ሁሉም ፍየል፣ ሲብስም አህያ ሆኖ ያርፈው ነበር።

ወልድያን የያዘው ጦር ወጥቶ ስንመለስ፣ የምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ተዘርፎ ባዶውን ጠበቀን። ያን ሰሞን እዚያው ሀብሩ ካለችው ግራና አንድ አዛውንት ገበሬ ሥራዬን ከሰው ሰምተው መጡ። ከጋቢያቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ጨርቁ ከፈን ነበር። ውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የተቃጠለ አጥንት አለ።

«ልጃችን ከጠፋ ወዲህ ከማሳችን በላይ ካለው ምሽግ፣ ከአመድ ውስጥ ነው ያገኘነው» አሉ። «እናቱ ከፈነችው። እኔ ግን የማን እንደሆነ ሳላውቅ የጀናዛ ሶላት አልሰግድም ብያለሁ።»

«አባባ፣ እኔ የማውቀው የአውሬ ነው። የሰው ምርመራ ሌላ ነው» አልኳቸው።

«አውሬ ነው ወይስ ሰው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

እምቢ የምልበት አንጀት አጣሁ። አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ይዤው ሄድኩ። እሳት በነካው አጥንት ውስጥ ዲኤንኤው ብጥስጥሱ ይወጣል፤ ቢሆንም የምን ዝርያ እንደሆነ ለማወቅ ብጣሹም ይበቃል። መንገዱን ሁሉ «አምላኬ፣ ፍየል አድርግልኝ» ስል ሄድኩ። በዕድሜዬ ፍየል እንዲወጣልኝ የተመኘሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፍየል አልነበረም። አጋዘን ነበር።

ምሽግ ውስጥ የነበሩት ጠብሰው በልተውት ይሆናል። ለአዛውንቱ ደስ አለኝ፣ ለራሴ ግን አለቀስኩ። አጋዘኑ እስከዚያ ድረስ መኖሩን ያወቅሁት በመሞቱ ነው።

ግራና ወርጄ የተረፈውን አጥንት ከነከፈኑ መልሼ ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው ማሳቸው ላይ ግንባራቸውን አፈር አስነክተው ሱጁድ ወረዱ። ሲነሱ፣ አጥንቱን ለማስረጃ እንዲተዉልኝ ለመንኳቸው። ከጨርቁ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«አንተ የፈለግኸው ሞቶ ተገኘ» አሉኝ። «የእኔ ሳይገኝ ይቆይልኝ።»

ከፈኑን ግን አልጣሉትም። አራግፈው አጣጠፉትና ከጋቢያቸው ሥር መለሱት።